ስድስት ሳምንት በሮም፦ በመሀል መንገድ የተቀየረ የክረምት ትምህርት መርሐ ግብር (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ በአጭሩ

አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የጣልያንን ባህልና ማኅበረሰብ ለማስተማር ተማሪዎቹን ለስድስት ሳምንት ሮም ወሰደ። መርሐ ግብሩ ሲጀመር የነበረው ዕቅድና ሲያልቅ የነበረው በጣም ይለያያሉ። ጉዳዩ መመዝገብ ያለበትም ለዚሁ ነው፤ ዕቅዱን ካፈረሱት ነገሮች አንዳቸውም ድንገተኛ አልነበሩምና። የሰኔ ሙቀት፣ የትራንስፖርት አድማ፣ የጣልያን ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ወቅት፣ የሸንገን ቪዛ (አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የመግቢያ ፈቃድ) የቀን አቆጣጠር፣ ሁሉም አስቀድመው ሊታወቁ የሚችሉ ነበሩ። የተቋሙም የሰዎቹም ስም እዚህ አልተጠቀሰም።

ዳራ

ተማሪዎቹ 18 ነበሩ። ሦስቱ የኢትዮጵያ ተወላጆች ናቸው፤ ሁለቱ የአሜሪካ ዜጎች፣ አንዷ ግሪን ካርድ ኖሯት በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዝ። አብዛኞቹ ከሰላምታ ያለፈ ጣልያንኛ አያውቁም ነበር። የሚሰጠው ሁለት ኮርስ ነው፦ ጀማሪ ጣልያንኛ እና የጣልያን ባህልና ማኅበረሰብ፤ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት። አንድ ክሬዲት 15 የክፍል ሰዓት ስለሚጠይቅ ለሁለቱ 90 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 15 ሰዓት መሸፈን አለበት። ይህ ቁጥር አይነካም፤ ሌላው ሁሉ በዙሪያው ይደረደራል።

ማረፊያው በቴስታቾ ሰፈር የተከራዩ አፓርታማዎች ነበሩ። ቴስታቾ ከቴቬሬ ወንዝ አጠገብ ያለ የድሮ ሠራተኞች ሰፈር ነው። የከተማዋ ቄራ እስከ 1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ነበር፤ ሮም የምትታወቅበት የጨጓራ፣ የአንጀትና የበሬ ጭራ ምግብም ከቄራው ሠራተኞች ማዕድ የመጣ ነው። በሰፈሩ ጠርዝ ያለው ኮረብታ ደግሞ የጥንት ሮማውያን ዘይት ያመላለሱበት እንስራ ስባሪ ተከምሮ የተፈጠረ ነው። የተሸፈነው ገበያ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጧት እስከ ቀትር በኋላ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሰፈር ተከራይቶ የመጀመሪያው ዕቅድ የተጠቀመበት ለመኝታ ብቻ መሆኑ ይገርማል።

የመጀመሪያው ዕቅድ

(ሰዓቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ9፡00 እስከ 12፡45 ክፍል፤ ከ14፡00 እስከ 17፡00 የታሪክ ቦታዎች ጉብኝት። ከዓርብ እስከ እሑድ ደግሞ ከሮም ውጭ፦ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ኔፕልስና ፖምፔይ፣ ሲየና፣ አሲሲ። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ 10 የሮም ነዋሪዎችን ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግና ከአንድ ጣልያናዊ ተማሪ ጋር ተጣምሮ ቋንቋ እንዲለማመድ ታቅዷል። በመጨረሻው ሳምንት ስለ ጣልያን የቅኝ ግዛት ታሪክ ግማሽ ቀን ተመድቧል።

ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ችግሩ ዕቅዱ ባዶ ሰዓት የለውም፤ አንድ ነገር ሲዘገይ ቀጣዩን ይዞት ይወድቃል።

ከጉዞው በፊት፦ የ40 ቀኑ ቪዛ

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከ90 ቀን ለማይበልጥ ትምህርት ወደ ጣልያን ሲሄድ ቪዛ አይጠየቅም። ግሪን ካርድ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝን ሰው ከሸንገን ቪዛ ነጻ አያደርግም። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ይገባል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ያስፈልጋል። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ በጊዜው አሟላች። ስሕተቱ የተሠራው በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው የጻፈው ትምህርቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ብቻ ነው፦ ከጁን 3 እስከ ጁላይ 12። የአውሮፕላን ቲኬቱ ግን ጁን 1 ገብቶ ጁላይ 13 የሚወጣ ነበር። ቪዛው ለ40 ቀን መጣ። የሸንገን አቆጣጠር የገቡበትንም የሚወጡበትንም ቀን ስለሚቆጥር ጉዞዋ 43 ቀን ይሆናል፤ ሦስት ቀን ጎደለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቪዛው ላይ ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ታትመዋል። አንደኛው ቪዛው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል ነው፤ ሁለተኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል ነው። የማገልገያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከመቆያው ቀን ሰፋ ተደርጎ ስለሚሰጥ አስተባባሪው «እስከ ጁላይ መጨረሻ ይሠራል፤ ችግር የለውም» ብሎ ነበር። ችግር አለው። የሚወስነው የቀኑ ቁጥር ነው፤ ጣልያን ከገቡ በኋላ ማስረዘም ደግሞ እንደ ከባድ ሕመም ላለ ምክንያት ካልሆነ አይሞከርም። መፍትሔው ቲኬቱን መቀየር ሆነ፤ ጁን 3 ገብታ ጁላይ 12 ወጣች። የአቀባበል ቀናቱ አለፏት፤ የመጨረሻው እራትም እንዲሁ። ደብዳቤው ላይ የመድረሻና የመመለሻ ቀን ተጽፎ ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የአሜሪካ ዜጎቹም ያላሰቡት ግዴታ ነበረባቸው። በወቅቱ ከሸንገን አገሮች ውጭ ተነስቶ በቀጥታ ጣልያን የገባ ሰው ድንበር ላይ የተመታለት ማኅተም ይበቃው ነበር። በፍራንክፈርት በኩል የመጣ ግን ማኅተሙን ያገኘው ጀርመን ነውና፣ ጣልያን በገባ በ8 ቀን ውስጥ መኖሩን ለፖሊስ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለበት። ሆቴል ያረፈ ሰው ሲመዘገብ የሚሞላው ቅጽ ይህንኑ ይሸፍንለታል፤ በአፓርታማ ያረፈው ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል። አስተባባሪዎቹ ማን በየት በኩል እንደገባ የሚያሳይ ዝርዝር ስላልነበራቸው የአንድ ቀን ጉብኝት ሰርዘው ማኅተም ሲፈትሹ ዋሉ።

ሁለቱ የመጀመሪያ ሳምንታት

መጀመሪያ ዕቅዱን የመታው ሙቀቱ ነው። በሮም ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ከ30 ዲግሪ በላይ የተለመደ ነው፤ 35ም ብርቅ አይደለም። የሮማውያን ፎረም (የጥንቷ ከተማ አደባባይ ፍርስራሽ) ከላይ ጥላ የለውም፤ ከታችም የጋለ ድንጋይ ነው። በ14፡00 የተጀመረ ጉብኝት አንድ ሰዓት ሳይሞላ መምህሩ ተማሪዎቹን ጥላ ፍለጋ ይዞ ይዞራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ተማሪዎች ራሳቸውን አዙሯቸው ተቀመጡ። ውኃ ጠፍቶ አልነበረም። ሮም ውስጥ በየመንገዱ ቀንና ሌሊት የሚፈስሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ውኃቸው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው፤ ገንዘብም አይጠየቅበትም። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይመነጫል፤ ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ይቻላል። ይህን ያሳያቸው ሰው ስላልነበረ ተማሪዎቹ በኮሎሴዎ (ኮሎሲየም) በር ላይ የታሸገ ውኃ በውድ ይገዙ ነበር።

ቀጥሎ የቲኬት ጣጣ መጣ። የኮሎሴዎ ቲኬት በስም ነው፤ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል። አዘጋጆቹ ስሞቹን የወሰዱት ከዩኒቨርሲቲው የክፍል ዝርዝር ሲሆን፣ እዚያ የተመዘገበው ተማሪው ልጠራበት ያለው ስም ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የመጣችው ተማሪ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የአባቷ ስም፣ ፓስፖርቷ ላይ የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል። በር ላይ ቆመች፤ የዕለቱ ቲኬት አልቆ ነበርና ቡድኑ ያለ እሷ ገባ። ቪላ ቦርጌዜ በተባለው መናፈሻ ውስጥ ያለው የሥዕልና የቅርጽ ጋለሪ ደግሞ ያለ ቀጠሮ አያስገባም፣ ከሁለት ሰዓት በላይ አያስቆይም፣ ሰኞ ይዘጋል። የመጀመሪያው ዕቅድ የመደበው ሰኞ ላይ ነበር።

የትራንስፖርት ካርዱም ኪስ ነካ። በወቅቱ አንድ ጉዞ 1.50 ዩሮ፣ የግል ወርኃዊ ካርድ 35 ዩሮ ነበር። ካርዱ የሚያገለግለው ለቀን መቁጠሪያው ወር እንጂ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ለ30 ቀን አይደለም። በጀቱ የያዘው ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ካርድና ጥቂት ቲኬት ነበር። ጁላይ 1 ቀን የ18 ሰው ካርድ በአንድ ጊዜ አለቀ።

ከዚያ አድማው። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ኔፕልስና ፖምፔይ ሊኬድ ባቡር ተቆርጦ ነበር። በዚያው ቀን የባቡር ሠራተኞች ሥራ የማቆም አድማ ወጣ። ጣልያን ውስጥ ዓርብ አድማ የሚበዛበት ቀን ነው። በ1990 የወጣው ሕግ ቢያንስ የ10 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ስለሚያስገድድ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ዝርዝሩን አስቀድሞ ያወጣል። በሥራ ቀን ከ6፡00 እስከ 9፡00 እና ከ18፡00 እስከ 21፡00 የተወሰኑ የክልል ባቡሮች የግድ ይሠራሉ። ዝርዝሩን ያየ ሰው አልነበረም። ወደ ኔፕልስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ሠርቷል፤ ከኔፕልስ ወደ ፖምፔይ የሚወስደው የአካባቢ ባቡር ግን አስተማማኝ አልነበረም። ጉዞው ተሰረዘ።

ቃለ መጠይቁም አልሄደም። የሁለት ሳምንት ጣልያንኛ የተማረ ሰው ጥያቄውን መጠየቅ ይችላል፤ መልሱን መስማት ግን አይችልም። ተማሪዎቹ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ፍለጋ ሄዱ፤ ያገኙት ሌሎች ቱሪስቶችንና አስተናጋጆችን ነው። የተጣመሯቸው ጣልያናውያን ተማሪዎችም ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ጠፉ። ጨዋነት አንሷቸው አይደለም። በጣልያን ዩኒቨርሲቲዎች ጁንና ጁላይ የፈተና ወቅት ነው፤ ፈተናውም በብዛት የቃል ነው። በዚያ ወር የእንግዳ ጓደኛ ሁን ማለት የማይሆን ነገር ነው።

ምን ተቀየረ

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ መምህራኑ ዕቅዱን ቀየሩት። ጉብኝቱ ወደ ጧት 8፡30 መጣ፤ 11፡00 ላይ ያልቃል። ክፍሉ ከ14፡30 በኋላ ማቀዝቀዣ ባለው አዳራሽ ሆነ። ቬኒስ፣ ሲየናና አሲሲ ወጡ። ከሮም ቬኒስ በፈጣን ባቡር እንኳ መሄጃው ብቻ አራት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረበትም። ፍሎረንስ በዕቅዱ ውስጥ ቆየ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነውና ደርሶ መልስ ይቻላል። ፖምፔይ በኦስቲያ አንቲካ፣ በጥንቷ የሮም ወደብ ከተማ ፍርስራሽ፣ ተተካ። ለኦስቲያ ባቡሩ የሚነሳው በሰፈሩ ጠርዝ ካለው የጥንት ፒራሚድ አጠገብ ካለው ጣቢያ፣ ከማረፊያቸው በእግር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ የከተማው ወርኃዊ ካርድ ይበቃዋል። የዳቦ መጋገሪያው፣ የመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ፣ ተደርድሮ የሚያስቀምጠው የሕዝብ መጸዳጃ ሳይቀር ይታያል። የተራ ሰው ኑሮ ማየት ለሚፈልግ ኮርስ ከፖምፔይ አያንስም፤ ሕዝቡ ስለማይጋፋ ይሻላል ማለትም ይቻላል።

ትልቁ ለውጥ ግን ቃለ መጠይቁ ቀርቶ «የአንድ ቦታ ማስታወሻ» መተካቱ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በቴስታቾ አንድ ቦታ ይመርጣሉ፦ የገበያ መደብ፣ ባር፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ አረጋውያን ካርታ የሚጫወቱበት ክበብ። በሳምንት ሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ሄደው ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ። ማን መጣ፣ ምን ገዛ፣ ከማን ጋር ምን ያህል ተጫወተ፣ ማን ማንን አንቱ አለ የሚለውን ይጽፋሉ። የግዴታው ንግግር አንድ ግብይት ብቻ ነው፤ እሱም በጣልያንኛ።

ግብይቱ የራሱ ወግ አለው። በአይብና በወይራ መደብ ላይ ብዙ ጊዜ የቁጥር ወረቀት ይቀደዳል፤ ከሌለ መጨረሻ የመጣው ማን እንደሆነ ጠይቆ ከሱ ቀጥሎ መቆም ነው። መጠኑ በግራም ሳይሆን በኤቶ ይነገራል፤ አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው። ፍራፍሬ ባለመደቡ ያነሳል እንጂ ገዢ አይነካም። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ጥንድ «ሁለት መቶ ግራም» ለማለት ሲጨነቅ ሁለት ኪሎ ወይራ ይዞ ተመለሰ፤ የአንድ አፓርታማ የሳምንት መክሰስ ሆነ። ሰው በሚበዛበት ባር ደግሞ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ተከፍሎ ደረሰኙ ለባንኮኒው ይሰጣል፤ ቆሞ የጠጣና ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠ አንድ ዋጋ ላይከፍሉ ይችላሉ። የአዲስ አበባ ማኪያቶ የለመደ ሰው እዚህ የሚቀርብለት ጠብታ ወተት የነካው ኤስፕሬሶ ነው። ማስታወሻው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ባለ ባሩ ሳይጠይቅ የተማሪዎቹን ቡና ማቅረብ ጀመረ። ቃለ መጠይቁ ያልከፈተውን በር ይህ ከፈተው፤ ጥያቄ የሚጠይቁት ሮማውያኑ ሆኑ።

ጾሙ

ማንም ያላሰበው አንድ ነገር በአራተኛው ሳምንት መጣ። ከኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች አንዱ የሰኔን ጾም የሚጾም ነበር። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይጀምርና ሐምሌ 5 ቀን፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል፤ በዚያ ዓመት ከመርሐ ግብሩ መጨረሻ ጋር ገጠመ። የምግቡ ጉዳይ አላስቸገረም። ደረቅ ፓስታ ዱቄትና ውኃ ነው፤ ትኩሱ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ያለው የማሪናራ ፒዛ በየቦታው ይገኛል። መጠንቀቅ ያለበት በማይታየው ነው፦ የሽምብራው ሾርባ ውስጥ የሚሟሟ አንቾቪ፣ ባቄላው ሲቁላላ የሚገባ የአሳማ ጮማ፣ ሳይጠይቁ የሚነሰነስ አይብ። ተማሪው ለአስተናጋጅ ስለ ጾም ከማስረዳት «ቬጋኖ» ብሎ መገላገልን መረጠ።

የከበደው ሰዓቱ ነው። እስከ ከሰዓት ሳይበላና ሳይጠጣ የሚቆይ ሰው በዚያ ሙቀት የጧት ጉብኝት ላይ መዋል አይችልም። ተማሪው የንስሐ አባቱን በስልክ ጠይቆ ውኃ እንዲጠጣ ተፈቀደለት፤ መምህሯም በጾሙ ሳምንታት የእሱን ጥንድ ጥላ ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት አዛወረች። የምዝገባ ቅጹ የምግብ አለርጂ ይጠይቃል፤ ጾም አይጠይቅም ነበር።

ሐውልቱ የቆመበት ቦታ

የቅኝ ግዛት ታሪክ ክፍለ ጊዜው ከመጨረሻው ሳምንት ወደ አምስተኛው መጣ፤ ሙሉ ቀንም ተሰጠው። መንገዱ በሜትሮ ቢ መስመር ብቻ ይሸፈናል። ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር በተደመሰሱት አምስት መቶ ገደማ የጣልያን ወታደሮች «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ተብሎ ተሰይሟል፤ መታሰቢያቸው የሆነው የግብፅ ሐውልት ትንሽ ራቅ ብሎ ባለ የአትክልት ቦታ ቆሟል። ከዚያ ሦስት ጣቢያ ሄዶ ቺርኮ ማሲሞ ነው። በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት እዚያው ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር። በ1947ቱ የሰላም ስምምነት ጣልያን የዘረፈችውን እንድትመልስ ብትገደድም ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ ዳግም የቆመው በ2008። ፊት ለፊቱ ያለውና ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ሕንፃ የተጀመረው ለጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነበር። ወደ ሰሜን ተሂዶ «ሊቢያ» የሚባለው ጣቢያ ሲወረድ መንገዶቹ ኤርትራ፣ አስመራ፣ ኢትዮጵያ የሚባሉበት ሰፈር አለ። ወደዚያ ሲኬድ መስመሩ ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ለሁለት ስለሚከፈል ወደ ዮኒዮ የሚሄደውን ባቡር መያዝ ያስፈልጋል፤ ግማሹ ቡድን ወደ ሬቢቢያ የሚሄደውን ይዞ ሄዶ ተመልሷል።

የመጀመሪያው ዕቅድ ኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች ፖርታ ካፔና ላይ «የቤተሰባቸውን ስሜት» እንዲናገሩ ነበር። አንዷ አስቀድማ ለመምህሩ አልፈልግም አለች፤ ልክም ነበረች። የ20 ዓመት ተማሪ የአንድ አገር ቃል አቀባይ ሆኖ አይመጣም፤ የጣልያን ታሪክ ደግሞ በዋናነት የጣልያን ጉዳይ ነው። በምትኩ ዘጠኙ ጥንዶች በዕጣ ቦታ ተከፋፍለው ስለ ቦታው አንብበው አቀረቡ። ጥሩው ውይይት የተነሳው ፖርታ ካፔና ላይ ሳይሆን ተርሚኒ ላይ ነው፤ ሁሉም በየቀኑ ሲያልፉበት የአደባባዩን ስም ምንነት የጠየቀ አልነበረምና።

አንድ ያልተሳካ ነገርም ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ታስቦ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን አባ ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው የተቀመጡበት ነው፤ የግእዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና 49 ያሳተሙትም ሮም ውስጥ ነው። ቦታው እንደ ባዚሊካው ለማንም ክፍት አይደለም፤ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥያቄው የቀረበው ሳምንት ሲቀረው ነበርና መልስ አልመጣም።

ሌሎች መርሐ ግብሮች ሊወስዱት የሚችሉት

የቪዛ ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው የትምህርቱ ቀን ሳይሆን ከአገር የሚወጡበትና የሚመለሱበት ቀን ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ቀን መጨመር አይጎዳም። ቪዛው ሲመጣ መጀመሪያ የሚነበበው የቀኑ ቁጥር ነው፤ ቲኬት ከዚያ በኋላ ይቆረጣል። የተማሪዎች ስም ከፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ላይ ፊደል በፊደል ይገለበጣል፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህ ይበልጥ ይጠነቀቁለታል።

ከሮም ውጭ ያለ ጉዞ ዓርብ ላይ ባይደረግ ይመረጣል። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ የሚኒስቴሩን የአድማ ዝርዝር በየሁለት ቀኑ የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። በአድማ ምክንያት ፈጣን ባቡር የሚተው ሰው ከመነሻው ሰዓት በፊት ከጠየቀ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ በዚህ ጉዳይ የተጠየቀው ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነበር።

ጣልያናዊ የዕድሜ እኩያ ይገኝ ዘንድ ግድ ከሆነ መርሐ ግብሩ ከጁን ወደ ሜይ ይምጣ፤ ፈተናው ገና አልጀመረም። ወደ ኦገስት መግፋት መፍትሔ አይሆንም፤ በ15ኛው ቀን በሚውለው ፌራጎስቶ በተባለው በዓል ዙሪያ ሮማውያን ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ የሰፈሩ ባርና ሱቅም ለሁለት ሳምንት ወረቀት ለጥፎ ይዘጋል። የአንድ ቦታ ማስታወሻ የተባለው ሥራ በዚያ ወር የሚመዘግበው የተዘጋ በር ነው።